ፕላንት ፓቶሎጂ ልማር? (ከበርበሬ ማሳ የመጣ ጥያቄ)

የሽንዲዋ

እንዴት ሰነበታችሁ? የምጽፈው ከወንበርማ ነው፤ ከሽንዲ ወጣ ብላ ካለች ቀበሌ። ፍሬሽማን ጨርሼ ቤት ገብቻለሁ፤ ስንመለስ ዲፓርትመንት እንሞላለን። ጂፒኤዬ 3.4 ነው። ሜዲስን አስቤ ነበር፣ አልደረሰልኝም። ከሱ ውጪ ምን እንደምፈልግ እስከ ሐምሌ ድረስ አላውቅም ነበር።

አባቴ በርበሬ ነው የሚያመርተው። እኛ ዘንድ በርበሬ ከሌለ ደብተርም የለም፣ የቤት ክዳንም አይታደስም። ዘንድሮ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከማሳው ታችኛው ጫፍ ጀምሮ ይጠወልግ ገባ። ጠዋት ቀጥ ብሎ ያየሁትን ተክል ከሰዓት አንገቱን ደፍቶ አገኘዋለሁ። ማታ ብርድ ሲነካው ቀና ይልና ያታልለናል፤ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን አልቆለታል። አባቴ እየነቀለ ከድንበሩ ላይ ይከምረዋል። እናቴ ዓይን ነው ትላለች፤ አንድ ሰውዬ ባለፈው “አይ በርበሬ!” ብሎ አድንቆ ስላለፈ። ከተማ ያለ መድኃኒት ሻጭ ምንም ሳያይ አንድ ዱቄት በጥብጠህ እርጭ ብሎ ሰጠው። ረጨው፤ ምንም።

ግቢ ውስጥ አንዲት ሲኒየር “የዕፅዋትን በሽታ ብቻ የሚያጠና ትምህርት አለ፣ ፕላንት ፓቶሎጂ ይባላል” ብላኝ ነበር። ያኔ ሳቅሁ። አሁን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አጎቴ ስነግረው “ሰው የሰው ሐኪም ይሆናል፣ አንቺ የጎመን ሐኪም ልትሆኚ ነው?” አለኝና ቤቱን በሳቅ ሞላው።

የተማራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ። በመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል ወይ? ኬሚስትሪ ላይ ደካማ ነኝ፣ ይከብደኛል? ሥራስ?

ባለ ባጃጁ

እህቴ፣ እኔ ፕላንት ሳይንስ ተመርቄ ባሕር ዳር ባጃጅ እነዳለሁ። የመውጫ ፈተናውን በመጀመሪያው ነው ያለፍኩት፤ ሰነፍ ነበር እንዳትዪኝ። ባለፈው አንድ ቦታ ለሁለት ሰው ማስታወቂያ ወጥቶ ሄድኩ። ያመለከተው ሰው ስም ዝርዝር ከማስታወቂያ ሰሌዳው አልፎ በሩ ላይ ተለጥፏል። ውጤትሽ ከፈቀደ ሌላ ነገር ሙይ። የአባትሽ በርበሬ ያሳዝናል፣ ግን አንቺ አራት ዓመት ተምረሽ እስክትመለሺ አይጠብቅሽም። ይኸው ነው።

አያ ዋጉ

የሽንዲዋ፣ እንኳን ደህና ገባሽ። ባለ ባጃጁ ያለው ውሸት የለበትም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በአገራችን በመጀመሪያ ዲግሪ ፎርም ላይ “ፕላንት ፓቶሎጂ” የሚል ምርጫ እፈልጋለሁ ካልሽ ትደክሚያለሽ። የምታገኚው ፕላንት ሳይንስ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ፕላንት ፕሮቴክሽን። ፓቶሎጂው በነዚያ ውስጥ ከነፍሳቱና ከአረሙ ጎን ጥቂት ኮርስ ሆኖ ይመጣል። ራሱን ችሎ የሚሰጠው ማስተርስ ላይ ነው፤ ሐረማያ ለምሳሌ ከቆዩት አንዱ ነው። አንቺ ከዚያ ርቀሽ መሄድ ካልፈለግሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ዘንዘልማ ነው፤ ደብረ ማርቆስም ቡሬ ላይ ግቢ አለው፣ ለናንተማ የጓሮ ያህል ነው።

ስሙ ዲግሪሽ ላይ አለመጻፉ አያስከፋሽ። ኖርማን ቦርሎግ የመጀመሪያ ዲግሪው ደን ነበር። የዕፅዋት በሽታ የተማረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እዚያው ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1942 ዶክትሬቱን ያዘ፣ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰደ። ለአጎትሽ ንገሪው፤ የስንዴ ሐኪም ነው ኖቤል የበላው። “እሱማ ፈረንጅ ነው” ካለሽ ደግሞ የእኛውን ዳኛቸው ይርጉን ጥሪለት። ደቡቡን ያስለቀሰው የእንሰት አጠውልግ ከባክቴሪያ መሆኑን ብራድበሪ ከሚባል ተመራማሪ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም የጻፈ እሱ ነው።

አሁን ስለ ራሴ ልንገርሽ፤ ከኮርስ ዝርዝር ይልቅ ይህ ይጠቅምሻል።

እንደተመረቅሁ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ ተመደብኩ። ጳጉሜን ላይ ነው፤ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ቢሮ መጥተው “ስንዴዬ ቢጫ ሆነብኝ” አሉ። የዚያኑ ዕለት ሄድኩ። ጭቃው አይጣል ነው፣ እኔ ደግሞ በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁትን ጫማ አድርጌያለሁ። እውነቱን ልናገር፦ ማሳው ውስጥ አልገባሁም። ከመንገዱ ላይ ቆሜ ቢጫነቱን አየሁና “ቢጫ ዋግ ነው፣ ቶሎ ይረጭ” አልኩ። ያኔ የ2002/03ቱ ወረርሽኝ ወሬ ከማንም አፍ አልጠፋም ነበር፤ ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ቢጫ ዋግ የሚባለው ፈንገስ የበላበት ዓመት። ቢጫ ሁሉ ዋግ ይመስለን ነበር።

እናትየው ጠቦት ሸጠው ፈንገስ ማጥፊያ ገዙ፤ መርጫውንም ተከራዩ። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። “ልጄ፣ እንደዚያው ነው” አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

አብሮን የሚሠራ አንድ የቆየ ዲኤ (የልማት ሠራተኛ) ነበር፤ ዲፕሎማ ነው ያለው፣ እኛን ባለ ዲግሪዎቹን ዝም ብሎ ነው የሚያየን። “ና እስኪ” ብሎኝ ሄድን። ሱሪውን ሰብስቦ ማሳው መሐል ገባና ተንበረከከ። ነጭ መሐረብ ከኪሱ አወጣ፣ ቅጠሉን በመሐረቡ ይዞ ከሥር ወደ ጫፍ ሳብ አደረገው። መሐረቡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። “ቢጫ ዋግ ቢሆን እንደ እርድ ይቀባው ነበር” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ላይ እንደ ልብስ ስፌት በመስመር የተደረደረ ዱቄት ነው፣ ስትነኪው ጣትሽ ላይ ይቀራል። እዚህ መስመርም ዱቄትም የለም። ቢጫ የሆነው ደግሞ የታችኛው ቅጠል ነው። ከዚያ አንዱን ተክል ከነሥሩ ነቀለው። ሥሩ አጭር፣ ወፍራም፣ ጫፉ የደነዘ ነው፤ ጎኑ ላይ ቀጫጭኑ ፀጉር የለም። አፈሩ አሲዳማ ነበር፤ ታችኛው በኩል ደግሞ ፈሰሱ ተደፍኖ ውሃ ቋጥሯል። ለዚያ ማሳ የሚያስፈልገው ኖራ ነበር፣ እሱም ከመዘራቱ በፊት። የተረጨው መድኃኒት ከውሃ አይሻልም።

ጠቦቱን ከፈልኩ? አልከፈልኩም። በሚቀጥለው ዓመት ኖራ ሲመጣ ስማቸውን ከፊት አስመዘገብኩ፣ ያቺን ታህል ናት ያደረግሁት። ዕዳው እስከ ዛሬ አለብኝ። ያን ጫማም ከዚያ ወዲህ ማሳ ይዤው አልሄድኩም፤ ቦቲ ነው የምጫማው።

እኔ ፓቶሎጂ ለመቀጠል የወሰንኩት ያን ቀን ነው። አራት ዓመት ተምሬ የበሽታውን የላቲን ስም ከነአባቱ እጠራለሁ፤ በሽታ ያልሆነውን ግን መለየት አልቻልኩም። የሚመርጡልሽ ኮርሶች ውስጥ የአፈር ትምህርት ሲመጣ “ይሄ የኔ አይደለም” ብለሽ እንዳትተኚበት። በጎጃም ደጋ ግማሹ “በሽታ” ከአፈር ነው የሚመጣው።

ሌላው፣ ይህ ሥራ አያልቅም። ኩብሳ ከተመታ በኋላ ቢጫ ዋግን ይችላል የተባለው ዲጋሉ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ አርሲና ባሌ ላይ የግንድ ዋግ መጣና ዲጋሉን አረደው። ዝርያው አንዱን ዋግ ሲችል ሌላኛው በጓሮ በር ገባ ማለት ነው። ፈንገሱም እንደኛ ይወልዳል፣ ይለወጣል፣ በነፋስ ድንበር ይሻገራል። ስለዚህ አንዴ ተፈጥሮ የሚቀመጥ መፍትሔ የለም፤ አድካሚም ደስ የሚልም ነው፣ እንደ ሰውየው።

ኬሚስትሪ፦ አትፍሪ። የሚከብደው ስታትስቲክስ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ነው የወሰድኩት፤ ሁለተኛውን ያለፍኩት በአንዲት የክፍል ልጅ ደብተር ነው፣ ዛሬ ባለቤቴ ናት።

ሥራ፦ ባለ ባጃጁ ወንድሜ ትክክል ነው፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ወረፋው ረጅም ነው። ያሉት በሮች የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ፣ እንደ አዴት ያሉ የምርምር ማዕከላት፣ ድንበርና ኤርፖርት ላይ ያለው የተክል ቁጥጥር (ኳራንቲን)፣ የአበባ እርሻዎች፣ የዘር አምራቾች ናቸው። የመድኃኒት ንግድም አለ። ምንም ሳያይ ለአባትሽ ዱቄት የሸጠው ሰው ቦታ ላይ የሚያውቅ ሰው ቢቀመጥ እኮ ሥራ ነው። ወረዳ ላይ ከገባሽ ግን ልንገርሽ፦ ከማሳ ይልቅ ስብሰባና ሪፖርት ይበዛል። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ከተክል ይልቅ ኤክሴል ነው ያከምኩት።

የሽንዲዋ

አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመሐረቡን ነገር ለአባቴ ሳነብለት “ያ ዲኤ ሰው ነው” አለ። አጎቴ ኖቤሉን ሲሰማ ዝም አለ፤ ከዚያ “የበርበሬ ግን አይሰጡም” አለ።

ላብራቶሪ ውስጥ ምንድን ነው የሚሠራው? ሁልጊዜ ማይክሮስኮፕ ማየት ነው?

የፋግታው

በመሐል ገባሁ፣ ይቅርታ። እኔ ከአዊ ነኝ፣ ፋግታ ለኮማ። ለእህታችን “ጤፍና ስንዴ ብቻ አይደለም” ለማለት ነው።

ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ታውቃላችሁ፤ ባሕር ዳር ድረስ የሚወርደው ከሰል የሱ ነው። እኛ ዘንድ ከጤፍ ጋር ይተከላል፣ ጤፉ ይታጨዳል፣ ዛፉ ያድጋል፣ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ ይከሰላል፤ መሬቱም አርፎ ይቆያል። አሲድ የበላው መሬት የነበረው ሁሉ በሱ ነው ያገገመው። ስንት ሰው በዚህ ቤት ሠራ! አባቴ አዲስ ቅዳም ላይ ቤት የሠራው በዲከረንስ ነው።

ከዚያ ዋግ መጣ። አዎ፣ ዛፍም ዋግ ይይዘዋል። ቅጠሉና ለጋው ቅርንጫፉ ላይ ቡናማ ነገር እንደ ድልህ ይለጠፍበታል፣ ይጠቀለላል፣ ይረግፋል። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ያለውማ ገና ሳይተከል ነው የሚያልቀው። አንድ ጠዋት ወደ ማሳችን ስወርድ ልብሴ ሁሉ ቡናማ ሆኖ ተመለስኩ፤ እናቴ ዛገህ ነው ያለችኝ። ሽማግሌዎቹ የውርጭ ነው፣ የጭስ ነው ሲሉ ከረሙ። በኋላ ነው ከዛፉ አገር ከአውስትራሊያ የሚነሳ ዩሮሚክላዲየም የሚባል ፈንገስ መሆኑን የሰማነው፤ ደቡብ አፍሪካንም እ.ኤ.አ. በ2013 ደርሶባታል። ዛፉ አስቀድሞ መጣ፣ በሽታው እግሩን ተከትሎ መጣ።

ታዲያ ያኔ ጉዳዩን ይዘን አንድ ቢሮ ስንሄድ “የእኛ ሰብል ነው” አሉን፣ ሌላው ጋ ስንሄድ “የእኛ ደን ነው፣ በሽታ አናይም” አሉን። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ጠፋ። እህቴ፣ የዛፍ በሽታ ብትማሪ በግሌ እኔ እደግስልሻለሁ።

ባለ ባጃጁ

በከሰል ሀብታም የሆነ ሰው ባጃጄ ላይ ሂሳብ ሲከራከር ነው የማውቀው 😄 ቀልዴን ነው፣ ወንድሜ። አይዟችሁ።

አያ ዋጉ

የፋግታው፣ ጥሩ አነሳህ። ሁለት ቢሮ መሐል የሚወድቅ በሽታ ብዙ ነው።

የሽንዲዋ፣ ላብ ከማይክሮስኮፕ ይልቅ ኩሽናን ይመስላል። ለፈንገሱ ማሳደጊያ ምግብ 200 ግራም ድንች ትቀቅያለሽ፣ ውሃውን ታጠያለሽ፣ 20 ግራም ዴክስትሮስ የሚባል ስኳርና 15 ግራም ኤጋር የሚባል ማርጊያ ጨምረሽ አንድ ሊትር ታደርሺዋለሽ። ኦቶክሌቭ በሚባል የግፊት ድስት በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ይበስላል። ሳህኑ ላይ ሲፈስ እንደ ቀዘቀዘ የአጥንት መረቅ ይረጋል። ከታመመው ግንድ ላይ፣ ጤነኛውና የታመመው ከሚገናኙበት ጠርዝ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ትቆርጫለሽ። በተበረዘ በረኪና ትነክሪያለሽ፣ በንፁህ ውሃ ታለቀልቂያለሽ፣ ሳህኑ ላይ ታስቀምጫለሽ። ከዚያ መጠበቅ ነው። በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ነጭ፣ አንዳንዴ ወደ ሮዝ የሚያደላ ጥጥ ይወጣል፤ ወይም አንቺው በአፍሽ የተነፈስሽው ሻጋታ ይወጣና ከአንድ ትጀምሪያለሽ። የኔ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳህኖች በሙሉ አረንጓዴ የዳቦ ሻጋታ ነበሩ።

ወጣ ማለት ደግሞ ገዳዩ ተያዘ ማለት አይደለም። ያን ጥጥ ለብቻው አሳድገሽ፣ ጤነኛ ችግኝ ላይ አድርገሽ፣ ችግኙ በዚያው ዓይነት ሲታመም አይተሽ፣ ከሱም እንደገና ያንኑ ማውጣት አለብሽ። የኮህ ሕግ ይሉታል። አስከሬኑ አጠገብ የተገኘ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አይደለማ፤ የበሰበሰ ለመብላት የመጣም አለ።

አንቺ ግን ላብ ሳትጠብቂ ዛሬ የምትሠሪው አለ። ገና መጠውለግ የጀመረ አንድ ተክል ምረጪ፤ የሞተውን ተዪው። ከመሬት አጠገብ ካለው ግንድ አንድ ጣት ያህል ቁረጪ። ጥርት ያለ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ፣ ታችኛው የተቆረጠ ጫፉ ውሃ እንዲነካ፣ ግን የብርጭቆውን ታች እንዳይነካ በክር አንጠልጥዪው። አትነካኪው። ብርሃን ወዳለበት አዙረሽ ጥቂት ደቂቃ ተመልከቺ። ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር ቁልቁል ከወረደ ባክቴሪያ ነው። ምንም ካልወረደ የቀረውን ግንድ ለሁለት ሰንጥቀሽ ውስጡን እዪ። ሥሩንም እዪ፤ መሬት በሚነካበት ጠቁሮ በስብሷል ወይስ ጤነኛ ነው?

እስከዚያው ለአባትሽ፦ የተነቀለውን ድንበር ላይ አይከምሩት፣ ዝናቡ ወደ ማሳው ይመልሰዋል፤ ደርቆ ይቃጠል። ቅጠል ላይ የሚረጨውም ይቁም፤ ችግሩ ከሥር ሆኖ ሳለ ቅጠል ማጠብ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ፈሰስ ያውጡለት። ከታመመው ረድፍ ዘር እንዳይያዝ።

የሽንዲዋ

አያ፣ ሠራሁት። የእንግዳ ብርጭቆ ነበር የቀረን፣ እሱን ወሰድኩ። አጎቴም፣ ሁለት የጎረቤት ልጆችም ተሰብስበው ነበር። አሥር ደቂቃ አየነው፤ ምንም አልወረደም። አጎቴ “ጠንቋይ ቤት የመጣን ይመስላል” አለ። ከዚያ ግንዱን በምላጭ ሰነጠቅሁት። ከቅርፊቱ ሥር፣ ውሃ በሚወጣበት በኩል፣ ከሥሩ እስከ ላይ ሻይ እንደ ነካው ቡናማ መስመር አለ። ጤነኛውንም ለማነጻጸር ሰነጠቅሁ፣ እሱ ነጭ አረንጓዴ ነው። መሬት የሚነካበት ቦታ አልበሰበሰም። አባቴ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየ።

አያ ዋጉ

ጎበዝ! ጤነኛውን ለማነጻጸር መሰንጠቅሽን እኔ አልነገርኩሽም።

ፉሳሪየም የሚባለውን ፈንገስ ይመስላል። “ይመስላል” ነው ያልኩት፤ ጫማዬን አትርሺ። ገና መጠውለግ የጀመሩ አራት አምስት ተክል ከነሥራቸው ከነአፈራቸው በአካፋ አውጪ፣ አትጎትቻቸው። ፌስታል ውስጥ አታድርጊ፣ ይበሰብሳል፤ በጋዜጣ ጠቅልዪ። የተወሰደበትን ቀን፣ ቀበሌውን፣ ባለፈው ዓመት ማሳው ላይ ምን እንደነበረ ጽፈሽ አያይዢ። ፀሐይ አይንካው፣ በማግስቱ ወረዳችሁ ላለው የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ አድርሺ፤ ከዚያ ወደ ላብራቶሪ እንዲላክ ለምኚ፣ ካልሰማ ተከራከሪ። ፉሳሪየም ከሆነ ለከርሞ ማሳው ላይ በርበሬም፣ ቲማቲምም፣ ድንችም አይድገሙበት፤ በቆሎ ወይም ዳጉሳ ይሁን፤ አንድ ዓመት ብቻም አይበቃውም፣ ፈንገሱ አፈር ውስጥ ይቆያል።

የሽንዲዋ

ባለፈው ዓመትም፣ ካቻምናም በርበሬ ነበር። አባቴ ሲሰማ “እኔው ነኛ” አለ። እንደዚያ አይባልም አልኩት።

ነገ ገበያ ስለሆነ መኪና አለ፤ ጋዜጣ ስላጣሁ በድሮ የኬሚስትሪ ወርክሺቴ ነው የጠቀለልኩት። ዲፓርትመንቱን አንደኛ ፕላንት ሳይንስ እሞላለሁ፣ ወስኛለሁ። እናቴ ግን ብርጭቆውን ሦስቴ አጥቤላትም ለእንግዳ አላቀርብበትም ብላለች።